ንብና ክሽክሽ ለማንሳት የትኛው ማክሮ ሌንስ? 60፣ 100 ወይስ 180 ሚሊሜትር

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ባሕር ዳር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ካኖን 250ዲ ካሜራ ከነ18–55 ሌንሱ አለኝ። በትምህርት ቤታችን ግቢና በአካባቢው ያሉ ነፍሳትን፣ በተለይ ንብ፣ ጢንዚዛና ጎመን ላይ የሚሰፍረውን ክሽክሽ እያነሳሁ ለተማሪዎቼ ማሳያ ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ለአንድ ሌንስ የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። አንዱ 60 ሚሊሜትር ይበቃሃል ይለኛል፤ ሌላው 100 ይላል፤ ሌላው ደግሞ 180 ካልሆነ ንብ አታስጠጋህም አለኝ። አንድ ጓደኛዬ ሌንስ መግዛቱን ተው፣ ቱቦ ይበቃሃል ብሎኛል። የቱን ልስማ?»

መምህር፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ላስከትል። የካኖንን ኢኤፍ 100 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ማክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን፣ የመንቀጥቀጥ ማረጋጊያ የሌለውን፣ ያገለገለ ፈልገው ይግዙ። የተረፈዎትን ገንዘብ በሙሉ ፍላሽ ላይ ያውሉት። ለክሽክሹ ደግሞ ኋላ የምነግርዎትን አንዲት ትንሽ መስታወት ይጨምሩ።

የመከሩዎት ሰዎች አልዋሹም። ነገር ግን 60፣ 100፣ 180 የሚለው ቁጥር ነፍሳቱን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚናገር ይመስላል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነውም እዚህ ላይ ነው። ሦስቱም ሌንሶች የሚያጎሉት እኩል ነው። ቁጥሩ የሚወስነው እርስዎ ከነፍሳቱ ምን ያህል ርቀው እንደሚቆሙ ነው።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። በጥብቅ ሲነገር ማክሮ የሚባለው «አንድ ለአንድ» የሚደርስ ሌንስ ነው፤ ይኸውም 1 ሚሊሜትር የሆነ ነገር በካሜራው ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶውን በሚሠራው ገጽ) ላይም 1 ሚሊሜትር ሆኖ ያርፋል ማለት ነው። የ250ዲ ሴንሰር ወርዱ 22.3፣ ቁመቱ 14.9 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ለአንድ ሲያነሱ ፎቶው ከዳር እስከ ዳር የሚይዘው 22 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። 12 ሚሊሜትር ርዝመት ያላት ሠራተኛ ንብ የፎቶውን ወርድ ከግማሽ በላይ ትሞላለች። ካሜራዎ በወርዱ 6000 ፒክስል ስላለው እያንዳንዱ ሚሊሜትር 269 ያህል ፒክስል ይደርሰዋል፤ ንቧ እንግዲህ ከ3200 በላይ ታገኛለች። ይህ ለግድግዳ ፖስተር የሚበቃ ነው፤ የዓይኗን ፀጉር እንኳ ያሳያል። የማር ንብ ዓይን ላይ ፀጉር እንዳለ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ ተማሪዎች ይህን በራሳቸው ግቢ ንብ ላይ ሲያዩ የሚሰማቸው ሌላ ነው። የጎመን ክሽክሽ ግን ርዝመቱ 2 ሚሊሜትር ገደማ በመሆኑ በዚያው ሌንስ የሚደርሰው 540 ፒክስል ብቻ ነው። መልኩ ይለያል፤ ለፖስተር ግን አይሆንም። ክሽክሹን ከንቧ ለይቼ የማየው ለዚህ ነው።

አሁን ያለዎት 18–55 ሌንስ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር፣ እንደ ሥሪቱ ዓይነት፣ የሚደርሰው ሩብ ወይም ሲሶ ድረስ ነው። ለትልቅ ቢራቢሮ፣ ለአንበጣ፣ ለትልልቅ ጢንዚዛ ይህ ራሱ አያንስም። አንበጣ ስድስት ሰባት ሳንቲሜትር ስለሚረዝም በአንድ ለአንድ ላንሳው ቢሉ ጭንቅላቱና ደረቱ ብቻ ነው የሚገባልዎት። ስለዚህ ሌንሱን እስኪገዙ ድረስ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ፤ በትልልቆቹ ይጀምሩ። ሱቅ ሲሄዱ ደግሞ «ማክሮ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ አይመኑ። ብዙ ርካሽ ዙም ሌንሶች ላይ ቃሉ ተጽፎ ይገኛል፤ የሚደርሱት ግን ሩብ፣ ቢበዛ ግማሽ ድረስ ነው። የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ አንድ ለአንድ ይደርሳል ወይ?

ወደ ርቀቱ ልመለስ። አምራቾች «ዝቅተኛ የፎከስ ርቀት» ብለው የሚጽፉት ቁጥር የሚለካው ከሌንሱ ፊት አይደለም፤ ከሴንሰሩ ነው። ካሜራዎ አናት ላይ ክብ ሆኖ መሃሉን መስመር የሚያቋርጠው ምልክት ሴንሰሩ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ነው፤ ልኬቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የካሜራው ውፍረትና የሌንሱ ርዝመት ከዚህ ላይ ሲቀነስ የሚተርፈው ነው የእርስዎ እውነተኛ ርቀት። የካኖን ኢኤፍ-ኤስ 60 በወረቀት ላይ 20 ሳንቲሜትር ይላል፤ በአንድ ለአንድ ከሌንሱ ፊት እስከ ነፍሳቱ የሚቀረው ግን 9 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። 100ው 31 ይላል፤ የሚቀረው 15 ገደማ ነው። 180ው 48 ይላል፤ 25 ያህል ይተርፋል። ካኖን ኢኤፍ-ኤስ 35 ሚሊሜትር የሚባል ማክሮም አለው፤ ፊቱ ላይ የራሱ መብራት የተገጠመለት ነው። አንድ ለአንድ ሲደርስ 3 ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚቀረው። ለሳንቲም፣ ለቴምብር፣ ለቅጠል ጥሩ ነው። ከንብ 3 ሳንቲሜትር ላይ ሌንስ ደቅኖ ማንሳት ግን ለሁለታችሁም አይሆንም።

ዘጠኝና ዐሥራ አምስት ሳንቲሜትር በወሬ ሲሰሙት ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም። አበባ ላይ ያለች ንብ ፊት ሲቆሙ ግን ብዙ ነው። አንደኛ፣ ነፍሳት የሚበረግጉት በአብዛኛው ድንገት በሚንቀሳቀስ ነገርና በሚያርፍባቸው ጥላ ነው፤ ሌንሱ በቀረበ ቁጥር ሁለቱም ይብሳሉ። ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል፦ ብርሃን የሚገባበት ቦታ ያስፈልጋል። ሌንሱ አፍንጫቸው ላይ ሲደርስ ፀሐዩንም ፍላሹንም ራሱ ይከልላል። 15 ሳንቲሜትር ካለዎት ፍላሹን ከላይ አዘንብለው ማስገባት ይችላሉ። የሌንሱን የፀሐይ መከለያ አውልቀው ማንሳትዎን ብቻ አይርሱ፤ የ100ው መከለያ ረጅም ስለሆነ ያገኙትን ርቀት መልሶ ይበላዋል።

ታዲያ ርቀት ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን 180 አልገዛም ይሉኝ ይሆናል። 180ው ድንቅ ሌንስ ነው፤ በውኃ ዳር የሚበርሩትንና ሰው ሲያዩ የሚሸሹትን ቢራቢሮዎች ብቻ የሚከታተል ሰው ቢጠይቀኝ ያንን እመክረው ነበር። ግን ክብደቱ ከ1 ኪሎ ያልፋል፤ 100ው 600 ግራም ገደማ ነው። እንደ እርስዎ ባለ ትንሽ ካሜራ ላይ ሲገጠም ሚዛኑ ወደ ፊት ያጋድላል፣ እጅ ይደክማል፣ ትንሿ መንቀጥቀጥ ትጎላለች። ፍላሹም ከነፍሳቱ ስለሚርቅ ብርሃኑ ይሳሳል። ዋጋውም ያው ነው፤ ለፍላሽ የሚተርፍ ነገር አያስቀርልዎትም። 60ው በተቃራኒው ቀላል ነው፣ 335 ግራም ብቻ፣ ጥራቱም ከ100ው የሚያንስ አይደለም። ሥራዎ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ናሙና፣ አባጨጓሬ፣ ዕንቁላልና ክሽክሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ 60ውን ያለ ማመንታት እልዎት ነበር። አንድ ጉድለት ግን አለው፦ ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ ስለሆነ ነገ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) የካኖን ዲኤስኤልአር ቢገዙ አይገጠምም። 100ው ግን ይገጠማል፤ ወደ አዲሶቹ መስታወት የለሽ የካኖን አር ካሜራዎች ቢሸጋገሩም በማያያዣ ይሠራል። ተቃራኒው አይሆንም፤ ለአር ካሜራ የተሠራው አርኤፍ 100 ማክሮ በምንም መንገድ 250ዲ ላይ አይገባም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሌንስ እንዲያመጣልዎት ሲያዝዙ «አርኤፍ ሳይሆን ኢኤፍ» ብለው አጥብቀው ይንገሩት።

የካኖን 100 ካላገኙ የታምሮን 90፣ የሲግማ 105፣ የቶኪና 100 ማክሮ ሁሉም አንድ ለአንድ ይደርሳሉ። በሥዕል ጥራት በኩል በዚህ ክፍል ውስጥ መጥፎ ማክሮ ሌንስ ማግኘት ከባድ ነው። ለካኖን ኢኤፍ የተሠራ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

በዚያው ቁጥር አዲሱ ካኖን 100 ኤል፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው፣ ማረጋጊያ አለው። ተጨማሪ ገንዘብ ይገባዋል ወይ ለሚለው የእኔ መልስ «ለእርስዎ አይገባውም» ነው። ካኖን ራሱ እንደሚለው ማረጋጊያው ራቅ ካለ ነገር ላይ እስከ 4 እርከን ይረዳል (እያንዳንዱ እርከን በእጥፍ ረዘም ያለ የማንሻ ጊዜ ይፈቅዳል)፤ አንድ ለአንድ ሲደርስ ግን ወደ 2 ይወርዳል። ማረጋጊያ ደግሞ የሚያረጋጋው የእርስዎን እጅ ነው፤ ነፋስ የሚያወዛውዘውን አበባ አያቆምም፣ የምትራመደውን ንብም አያስቆምም። ሁለቱንም የሚያቆመው ፍላሽ ነው። በማለዳ በተፈጥሮ ብርሃን ብቻ ማንሳት የሚወድ ሰው ግን በኤሉ ቢደሰት አይገርመኝም።

ጥርት ብሎ ስለሚወጣው የፎቶው ክፍል ውፍረት ልንገርዎት፤ አዲስ ጀማሪ ሁሉ ሌንሱ የተበላሸ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ለአንድ፣ ኤፍ 11 ላይ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠብባል)፣ በእርስዎ ሴንሰር ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 0.9 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሳንቲም ውፍረት እንኳ አይሞላም። የንቧ ዓይን ጠርቶ አንቴናዋ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ይህ ውፍረት በ60ም፣ በ100ም፣ በ180ም አንድ ነው፤ የሚወስኑት የማጉላቱ መጠንና የሌንሱ ቀዳዳ ናቸው። «60 ሚሊሜትር የበለጠ ውፍረት ይሰጣል» ብሎ የሚከራከርዎት ካለ፣ እየተናገረ ያለው ከአንድ ቦታ ቆሞ ስለማንሳት ነው፤ ንቧን በሁለቱም እኩል ሲያጎሏት ልዩነቱ ይጠፋል።

እንግዲያው ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 32 አጥብቤ ሁሉንም ላጥራው ቢሉ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በጣም በጠበበ ቀዳዳ የሚያልፍ ብርሃን ይበተንና ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል። ማክሮ ላይ ደግሞ ካሜራው የሚያሳየው ቁጥር ሙሉውን እውነት አይናገርም። በተለመደው ስሌት፣ አንድ ለአንድ ሲደርሱ ካኖን ኤፍ 11 ቢልዎትም ሌንሱ የሚሠራው እንደ ኤፍ 22 ነው፤ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃንም ወደ ሩብ ይወርዳል። ኤፍ 22 ላይ ካደረጉት ኤፍ 44 መሆኑ ነው። ለ250ዲ 24 ሚሊዮን ፒክስል በአንድ ለአንድ ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ባለው ውስጥ ይቆዩ። ውፍረት ሲያንስዎት መፍትሔው ቀዳዳውን ማጥበብ ሳይሆን ካሜራውን ማስተካከል ነው፤ የጢንዚዛው ጎን ከሴንሰሩ ጋር ትይዩ እንዲሆን ይቁሙ። ያቺ 0.9 ሚሊሜትር ከራሱ እስከ ጅራቱ ትዘረጋለታለች። ወይም ትንሽ ራቅ ብለው በግማሽ መጠን ያንሱና ኋላ ይቁረጡት፤ ውፍረቱ በብዙ ይጨምራል።

አሁን ገንዘብዎን ከሌንሱ አስተርፈው እንዲያውሉበት ወደምለምንዎት ነገር ደርሰናል። ኤፍ 11 ላይ፣ ብርሃኑ ሩብ ሆኖ፣ ለምትንቀሳቀስ ንብ የሚሆን የሻተር ፍጥነት ከጥላ ሥር ይገኛል ብለው አይጠብቁ። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ሲጨምሩ ፎቶው ይሻክራል፤ ዝርዝሩ የሚጠፋው ደግሞ በትክክል እርስዎ በሚፈልጉት በፀጉሩና በክንፉ ሥሮች ላይ ነው። ፍላሽ ሲኖር ሻተሩ 1/200 ላይ፣ አይኤስኦው 100 ወይም 200 ላይ ይቀመጣል። ከነፍሳቱ በ15 ሳንቲሜትር ላይ ያለ ፍላሽ በትንሽ ኃይል ስለሚሠራ ብልጭታው እጅግ አጭር ነው፤ እንቅስቃሴን የሚቆርጠው ሻተሩ ሳይሆን ይህ ብልጭታ ነው። ደረቅ ፍላሽ ግን የጢንዚዛን ጀርባ ወደ ነጭ ነጥብና ወደ ጥቁር ጥላ ይቀይረዋል። ከፍላሹና ከነፍሳቱ መካከል ነጭና ብርሃን አሳላፊ ነገር ያስፈልጋል፦ ስስ ነጭ ፎም፣ ዕቃ የሚታሸግበት ነጭ ስፖንጅ፣ ወይም በካርቶን ላይ የተወጠረ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት። ሰፊ ይሁን፣ ለነፍሳቱም የቀረበ ይሁን፤ ርቆ የተቀመጠ ሰፊ ወረቀት እንደ ትንሽ ወረቀት ነው። የጢንዚዛው ቀለም በእውነተኛ መልኩ የሚወጣው ያኔ ነው። በሌንስ ፊት የሚገጠመውን የቀለበት ፍላሽ አልመክርዎትም፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታ ቅርጹን ያጠፋዋል፣ በሚያብረቀርቅ ጀርባ ላይም ቀለበቱ ተስሎ ይታያል።

ፍላሽ ሲገዙ ስለ ካሜራዎ አንድ ነገር ይወቁ። ካኖን በ250ዲ የፍላሽ መሰኪያ ላይ የተለመደውን መሃለኛ የብረት ነጥብ አስቀርቶታል። በዚያች አንድ ነጥብ ብቻ የሚተኮሱት ርካሽ ፍላሾች በእርስዎ ካሜራ ላይ አይበሩም፤ ሻጩ በሌላ ካሜራ ሞክሮ «ይኸው ይሠራል» ቢልዎት አይርኩ። ስፒድላይት የሚባለውን የካኖንን ፍላሽ ወይም የካኖንን አውቶማቲክ የፍላሽ ሥርዓት የሚረዳ ፍላሽ ይፈልጉ፤ በራስዎ ካሜራ ላይ ገጥመው ሲበራ ሳያዩ ገንዘብ አይስጡ። እስከዚያው ካሜራው ላይ ያለው ብቅ የሚለው ፍላሽ አይናቅም። በ100ው ሌንስ ላይ የፎሙን ወረቀት እንደ ጣሪያ ዘርግተው ብርሃኑን ወደ ፊት ካሳለፉት ለብዙ ሥራ ይበቃል።

ጓደኛዎ ስለ ቱቦ የነገሩዎት እውነት አለው። ቱቦ በካሜራና በሌንስ መካከል የሚገባ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀለበት ነው፤ ሌንሱን ከሴንሰሩ በማራቅ የበለጠ እንዲቀርብ ያደርገዋል። የሚጨምረውን ለማወቅ የቱቦውን ርዝመት ለሌንሱ ሚሊሜትር ያካፍሉ። 36 ሚሊሜትር ቱቦ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ 0.72 ይጨምራል፤ 250 ሚሊሜትር ላይ ግን 0.14 ብቻ ነው። ስለዚህ ቱቦ የሚጠቅመው አጭር ሌንስ ላይ ነው፤ አጭር ሌንስ ላይ ደግሞ ከላይ ያወራነው ርቀት ይጠፋል። የእርስዎን 18–55 በ55 ላይ አድርገው ቢያስገቡ ወደ አንድ ለአንድ ይጠጋል፣ ንቧ ግን ከሌንሱ ፊት በጥቂት ሳንቲሜትር ላይ መቆም አለባት። ቢገዙም የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥብ ያለውን ይግዙ፤ ነጥብ የሌለው ርካሹ ቱቦ የሌንሱን ቀዳዳ ከካሜራው መቆጣጠር ስለማያስችል ኤፍ 11 ማድረግ አይችሉም። ሌንስን ገልብጦ መግጠምም በካኖን ላይ ያው ችግር አለበት።

የማክሮው ገንዘብ ካልሞላልዎት ከቱቦ ይልቅ ሌላ መንገድ አሳይዎታለሁ። ረጅም ሌንስ ፊት ላይ የሚለጠፍ አጉሊ መስታወት አለ፤ ከታመኑት አንዱ የጃፓኑ ሬይኖክስ ነው። የዚህ ስሌት ደግሞ የቱቦው ተቃራኒ ነው፦ ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ያጎላል። ዲሲአር-250 የሚባለው 8 ዳዮፕተር (የመስታወት ኃይል መለኪያ) ስለሆነ ከፊቱ 12.5 ሳንቲሜትር ላይ ያለውን ያጠራል። በካኖን 55–250 ሌንስ ላይ ተለጥፎ፣ ዙሙ 250 ላይ ሆኖ፣ ከአንድ ለአንድ በእጥፍ ይጎላል፤ ዙሙን ወደ 125 ሲያወርዱት አንድ ለአንድ ይሆናል። ርቀቱ ግን ያው 12.5 ሳንቲሜትር ነው። ደካማው ዲሲአር-150 ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ይሰጥዎትና ከአንድ ለአንድ ትንሽ ያልፋል። 55–250 ሌንስ ካለው ሰው ተውሰው ቢሆን እንኳ ይህን ይሞክሩት። በጥቅል የሚሸጡትን፣ አንድ መስታወት ብቻ ያላቸውን ርካሽ «ክሎዝ አፕ» ማጣሪያዎች ግን ይተዉአቸው፤ ኃይለኞቹ በተለይ የፎቶውን ዳር ያደበዝዛሉ፣ በጥቁርና በነጭ ወሰን ላይም ሐምራዊ ቀለም ያስቀራሉ።

የክሽክሽዎ መፍትሔም ይህችው መስታወት ናት። ዲሲአር-250ን በ100ው ማክሮ ፊት ሲለጥፏት ወደ እጥፍ ያደርስዎታል፤ የፎቶው ወርድ ከ22 ወደ 11 ሚሊሜትር ይጠብባል፤ 2 ሚሊሜትሩ ክሽክሽ ከ1000 ፒክስል በላይ ያገኛል። ከኋላው ያሉት ሁለት ቱቦዎች፣ ቅጠሉን የወጋበት አፉ ይታያሉ። ጎመኑን ጠጋ ብለው ሲመለከቱት አንዳንዶቹ አብጠውና ደርቀው ቡናማ ሆነው ያገኟቸዋል። እነዚያ ትንሽዬ ጥገኛ ተርብ ዕንቁላሏን የጣለችባቸው ናቸው፤ ልጇ አድጋ ስትወጣ የበሳችው ክብ ቀዳዳ ጀርባቸው ላይ ይቀራል። ለባዮሎጂ ክፍል ከዚህ የተሻለ ምዕራፍ ከጎመን ላይ አይገኝም፤ ያለ እጥፍ ማጉላት ግን አይወጣም። በእጥፍ ላይ ጥርት የሚለው ውፍረት ወደ 0.3 ሚሊሜትር ስለሚወርድ ቅጠሉን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው፣ ትራይፖድ አድርገው ይሥሩት። ከመነሻው ሁለት ለአንድ የሚደርስ ሌንስ የሚፈልግ ሰው ላኦዋ 100 ሚሊሜትር አለለት፤ አውቶፎከስ የለውም፣ ለማክሮ ግን ይህ ጉድለት አይደለም። ካኖን ኤምፒ-ኢ 65 የተባለው እስከ 5 እጥፍ የሚደርሰው ታዋቂ ሌንስ ግን ለእርስዎ አይሆንም። መነሻው አንድ ለአንድ ስለሆነ ከዚያ አሳንሶ ማንሳት አይችልም፤ ሙሉ ቢራቢሮ በጭራሽ አይገባበትም።

ሜዳ ላይ አውቶፎከሱን ያጥፉት። የሚፈልጉትን ማጉላት በሌንሱ ቀለበት ይወስኑ፤ ከዚያ ቀለበቱን ሳይነኩ ሰውነትዎን በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዙ ዓይኗ ጥርት ባለበት ቅጽበት ይጫኑ። ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ ወይም ሆድዎ ላይ ያስደግፉ። ከዐሥር አንዱ ቢጠራልዎት ጥሩ እየሄዱ ነው። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ፣ አደይ አበባው ሲፈነዳ፣ ማለዳ ፀሐይ ሳትሞቅ ይውጡ፤ ነፍሳት ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ስለሚያድር እስኪሞቃቸው ድረስ አይበርሩም፤ ክንፋቸው ላይ ጤዛ ያለበት ጊዜም ያ ነው። ነፍሳትን ፍሪጅ አስገብቶ አደንዝዞ ማንሳት የሚመክሩ አሉ። አያድርጉት፤ ተማሪዎችዎም ሲያደርጉ አይዩ። የደነዘዘ ነፍሳት እግሩን የሚያጥፍበት መንገድ ከሕያው ይለያል፤ ለትምህርት የሚሆን ፎቶ ሐሰት ከሆነ ምን ያደርጋል?

አበባ ላይ ያለች ንብ ካልጨመቋት አትነድፍም። ቀፎ አጠገብ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የእኛ አገር ንቦች ቀፏቸውን አጥብቀው የሚጠብቁ ናቸው፣ 15 ሳንቲሜትርም ቀፎ በር ላይ ርቀት አይባልም። ከበሩ ፊት፣ የበረራ መንገዳቸው ላይ አይቁሙ፤ ከጎን ይሁኑ፣ ነጣ ያለ ልብስ ይልበሱ፣ ትንፋሽዎ እንዳይደርስባቸው ፊትዎን ያዙሩ፤ የሰው ትንፋሽ ያስቆጣቸዋል። ያለ ንብ አናቢና ያለ መከላከያ ልብስ ተማሪ ይዘው አይሂዱ። ጣዝማ ካገኙ ግን ዕድለኛ ነዎት፤ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ ከማር ንብ የምታንስ፣ የማትነድፍ ናት። ከጎጆዋ ቀዳዳ አጠገብ ጎንበስ ብለው፣ ሌንስዎን በወጪ ገቢው መንገድ ላይ አስተካክለው፣ ያለ ስጋት በአንድ ለአንድ ሊሠሩ ይችላሉ።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዙ በስልክዎ መብራት በአንዱ ጫፍ እያበሩ በሌላው ይመልከቱ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካዩ ግን ሻጋታ ነው፣ ይተዉት። ካሜራዎ ላይ ገጥመው ኤፍ 11 ላይና በዝግታ ሻተር ሲያነሱ፣ ከሌንሱ ፊት የሚታዩት የቀዳዳው ምላጮች ሳይዘገዩ መዝጋት አለባቸው። የጣና ዳር እርጥበት በክረምት ለሌንስ ክፉ ነው፤ ከገዙ በኋላ በቆዳ ቦርሳ ውስጥ አይክተቱት። ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በጫማና በኤሌክትሮኒክስ ካርቶን ከሚመጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ያኑሩት፤ ከረጢቶቹንም በየጊዜው ይቀይሩ።

ሱቅ ሲሄዱ የተማሪ ማስመሪያ ይዘው ይሂዱ። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ቅርበት ያድርጉትና ማስመሪያውን ያንሱ። ፎቶው ከዳር እስከ ዳር 22 ሚሊሜትር ከያዘ ሌንሱ በእውነት አንድ ለአንድ ይደርሳል፤ 45 ከያዘ ግማሽ ነው፣ ሻጩ የፈለገውን ይበል። ያንን የማስመሪያ ፎቶ አያጥፉት። ቀለበቱን እዚያው የመጨረሻ ቅርበት ላይ አድርገው ያነሱት ፎቶ ሁሉ፣ ሳይቆረጥና ሳይጠብ፣ በ1 ሚሊሜትር 269 ፒክስል ስለሚይዝ፣ በእያንዳንዱ ማሳያ ጥግ ላይ ያችን ርዝመት መስመር አስምረው «1 ሚሊሜትር» ብለው መጻፍ ይችላሉ። ሬይኖክሷን ሲለጥፉ ልኬቱ ስለሚቀየር ለእሷም ሌላ የማስመሪያ ፎቶ ያንሱ። ተማሪዎቹ የንቧን ምላስና የክሽክሹን እግር ራሳቸው በማስመሪያ ከወረቀቱ ላይ ለክተው ማስላት ይችላሉ።